ቆሞ የተጠየቀ ጋብቻ

ባላምባራስ ወንድይራድ፣ ሼህ ባህሩዲንና የጪጩው ሽማግሌ ሮባ በሕይወት ሳሉ በዲላ ከተማና በአካባቢዋ ልጃገረድ የሚጠየቅበት ሥርዓት በእነሱ ቃል የጸና ነበር። አንደኛው የሰፋሪው፣ ሁለተኛው የነጋዴው፣ ሦስተኛው የአገሬው ሽማግሌ ሲሆኑ፣ በሃይማኖትም ሆነ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ባይገናኙም በአንድ ነገር ላይ አይለያዩም ነበር፤ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ በመጀመሪያ ቃሉ አይናገርም። ተቀምጦ ስለ ዝናሙ ይጠይቃል፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ቡናው አበባ፣ ስለ መንገዱ ይጫወታል። የልጅቱ አባትም እንግዶቹን ገና ከደጅ ሲያያቸው ነገሩ ይገባዋል፤ ነገር ግን እንዳልገባው ሆኖ ይመልሳል። ልቡ ከፈቀደ ጨዋታውን ቀስ አድርጎ ወደ ልጆች ይመራዋል፤ ካልፈቀደም ወደ ከብቱ ይመልሰዋል። እንግዶቹ የቀረበላቸውን ቀምሰው፣ መርቀው ይሄዳሉ። ያልተጠየቀ አልተከለከለምና ማንም አንገቱን አይደፋም። ሽማግሌው ሮባ ይህን ሲያስረዱ «ስሙ ያልተጠራ ነገር አይሞትም» ይሉ ነበር።

ሦስቱም ካለፉ በኋላ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ዛሬ ጌዴኦ የምንለው አገር ገና የደራሳ አውራጃ ሲባል፣ ይህን ሥርዓት እንደ ከንቱ ጊዜ ማጥፊያ የቆጠረ አንድ ወጣት መምህር በዲላ ነበር። ስሙ ሽብሩ ይባላል።

ሽብሩ ከዲላ አጠገብ ያለችው የጪጩ መንደር ተወላጅ ነው። አባቱን በሕፃንነቱ ስላጣ ያሳደጉት አጎቱ አቶ ወራሳ ናቸው። አቶ ወራሳ በግራዝማች ኃይለኢየሱስ መሬት ላይ ቡናና እንሰት የሚያለሙ ጭሰኛ ሲሆኑ፣ የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት በሶንጎ ግን ተናገሩ ሳይባሉ የማይናገሩ፣ ከተናገሩም የሚደመጡ ሰው ነበሩ። ልጁን ለሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጡት፤ ከዚያ ወደ ሐረር ሄዶ በመምህርነት ሠለጠነ። ሲመለስ ከሁሉ አብልጦ ይዞት የመጣው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፍቅር ነበር።

ቀን ሕፃናት ሲያስተምር ይውልና፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ለመንግሥት ሠራተኞችና ለነጋዴዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጣል። ዘዴው የራሱ ነበር። ሰኞ አንድ የእንግሊዞችን ዘይቤ በሰሌዳው ላይ ጽፎ ፍቺውን ያስረዳል። ዓርብ እያንዳንዱ ተማሪ እየተነሣ ያንን ዘይቤ በትክክል ያስገባበትን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይናገራል። ከመጽሐፍ የተቀዳ ዓረፍተ ነገር አይቀበልም።

«ከቤታችሁ አምጡ፤ ከገበያ አምጡ፤ ከቢሮ አምጡ» ይላቸው ነበር። «እንግሊዙ ይህን የሚናገረው ሻይ እየጠጣ ነው እንጂ ቅኔ እየተቀኘ አይደለም።»

ከተማሪዎቹ አንዷ በፖስታ ቤት በጸሐፊነት የምትሠራው ወይዘሪት አመለወርቅ ነበረች፤ የግራዝማች ኃይለኢየሱስ ልጅ። አጎቱ በየዓመቱ የቡናውን ድርሻ ተሸክመው የሚያስገቡት በአባቷ ጎተራ መሆኑን ሽብሩ ያውቃል። እሷም ታውቃለች። ሁለቱም ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አንስተው አያውቁም።

መጀመሪያ የተነጋገሩት «ኪፕ አን አይ ኦን» በተባለው ዘይቤ ነው፤ ዓይንን ከአንድ ነገር ላይ አለማንሣት ማለት ነው። አመለወርቅ ተራዋ ሲደርስ ተነሥታ፣ «እናቴ እሳት ላይ ከተጣደው ወተት ላይ ዓይኗን አታነሣም፤ አባቴ ከእኔ ላይ፤ እኔ ደግሞ አሥራ አንድ እስኪሆን ድረስ ከግድግዳው ሰዓት ላይ» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። ሽብሩ «ትክክል ነው» ብሎ ፊቱን ወደ ሰሌዳው መለሰ፤ በሰሌዳው ላይ ግን የሚያጠፋውም የሚጽፈውም ነገር አልነበረም። በሚቀጥለው ሰኞ «ኢን ዘ ሴም ቦት» የተባለውን፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ዕጣ መያዛቸውን የሚገልጸውን ዘይቤ ሲያስረዳ፣ ምሳሌውን ራሱ ሰጠ። «ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰውና ደብዳቤ የምታድል ሴት በአንድ ጀልባ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም በፖስታው ውስጥ ያለውን አያውቁም።» ተማሪዎቹ ጻፉት። አመለወርቅ አልጻፈችም፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ፈገግታዋን ለጠረጴዛው ሰጠችው።

በዚህ አኳኋን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ማንም ሳይሰማቸው ዓመት ሊሞላቸው ሆነ።

በመጋቢት ወር፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሽብሩ «ቢት አባውት ዘ ቡሽ» ብሎ ጻፈ። ቃሉ እንዳለ ሲፈታ የቁጥቋጦን ዙሪያ መምታት ነው፤ ትርጉሙ ግን ዋናውን ነገር ትቶ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ማለት ነው።

ዓርብ ዕለት የሸቀጥ መደብር ያለው ፈድሉ ቀድሞ ተነሣ። «ባለቤቴ አዲስ ጫማ ሲያምራት ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች፤ በመጀመሪያ የጎረቤታችንን ሚስት ጫማ ታመሰግናለች።»

«ትክክል» አለ ሽብሩ።

«ትክክል መሆኑንማ ኪሴ ያውቀዋል፣ መምህር።»

ሳቁ ሲበርድ የክሊኒኳ ነርስ ፀዳለ ተከተለች። «በሽተኛዋ ዙሪያ ጥምጥም አበዛች፤ የራሷን ሆድ እያመማት የእህቷን ሆድ ሕመም ነገረችኝ።» ይህም ትክክል ተባለ። ከዚያ አመለወርቅ ተነሣች።

«አባቴ ሲቆጣ ዙሪያ ጥምጥም አይሄድም፤ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄደው ሲወደን ነው።»

ሽብሩ ጠመኔውን አስቀመጠ። «ወይዘሪት አመለወርቅ፣ ዘይቤው የነቀፋ ነው። እንግሊዝ ይህን የሚለው ለሚያመነታ ሰው፣ የልቡን ለመናገር ወኔ ላጣ ሰው ነው። ለፍቅር አይሆንም።»

«ቁጥቋጦውን የሚመቱት ለምንድን ነው፣ መምህር?»

«አዳኞች ናቸው። በውስጡ የተደበቀችው ወፍ እንድትወጣ።»

«እንግዲያስ ዙሪያውን የሚመታው ውስጥ ወፍ መኖሯን ያወቀ ሰው ነው» አለች አመለወርቅ። «ዘሎ ቢገባባትማ የሚቀረው እሾሁ ብቻ ነው።»

ፈድሉ «ወይ ጉድ!» አለ። ሽብሩ አልሳቀም። የቋንቋ ስሕተት ያረመ መሰለው፤ የተነካው ግን ሌላ ቦታ ነበር። «ዓረፍተ ነገሩ ትክክል አይደለም። ይቀመጡ» አላት። እሷም ተቀመጠች፤ ዓመት ሙሉ የተከፈተ መስኮት በፊቷ የተዘጋ ያህል ተሰማት።

*

ያም ሆኖ ክፍሉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀረች። ከትምህርት ቤቱ ግቢ በታች፣ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ሰፊ መንገድ ላይ፣ እንደ ማንኛውም መምህርና ተማሪ ተራርቀው ቆሙ።

«ከይርጋለም ሽማግሌ ይመጣል» አለችው።

«ለማን?»

«ለፖስታ ቤቱ በር ነዋ!» አለች፤ ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ሚስቱ የሞተችበት ምክትል ወረዳ ገዥ ነው። በዳግማይ ትንሣኤ ይመጣሉ። በደስታ ቀን የመጣን ሽማግሌ አባቴ አይመልስም፤ ከዚያ ወዲያ የእኔ ቃል ቃል አይደለም። አጎትህን ላካቸው፤ ከእነሱ ቀድመው ይምጡ። ግን ስማኝ፤ አባቴን ፊት ለፊት አይምጡበት። ይቀመጡ፤ ይቅመሱ፤ ስለ ቡናው ያውሩ።»

«እኔ ሌባ ነኝ እንዴ በጓሮ የምዞረው?»

«በጓሮ ግባ አላልኩህም። በደጅ ግባ፤ ግን ጫማህን አራግፈህ ነው ያልኩህ።»

«የጭሰኛ ልጅ ስለሆንኩ ነው?»

«እኔ ስለ አባቴ እነግርሃለሁ፤ አንተ ስለ ራስህ ትሰማለህ» አለችውና ሄደች። ሽብሩ ጀርባዋን እያየ ቆመ። ፍቅሩና ኩራቱ በደረቱ ውስጥ ተያያዙ፤ የትኛው እንደሚጮኽ ለይቶ ሊያውቅ አልቻለም።

*

በሚቀጥለው ቀን ጪጩ ወረደ። አቶ ወራሳ ከእንሰቱ መካከል ነበሩ፤ ከእሳቸው ጋር ከዱመርሶና ከባንኮ ጎቲቲ መንደሮች ቡና በጭነት መኪና የሚያመላልሱት ነጋዴ ሐጂ ኸድሩ ተቀምጠው ነበር። ሁለቱ በንግድ የተዋወቁ፣ በዕድሜ የተፋቀሩ ወዳጆች ናቸው። ሽብሩ ጉዳዩን ነገራቸው። አቶ ወራሳ አንድ የእንሰት ቅጠል ቀጠፉ። ሐጂ ኸድሩ ግን ጺማቸውን እየዳበሱ ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ እንኳ ስንት ሠርግ አይቼ፣ የግራዝማችን ደጅ ለጋብቻ እረግጣለሁ ብዬ አላሰብሁም። ይሁን! መቼም ቢሆን ከዝናሙ እንጀምራለን።»

«ከዝናሙ አይጀምሩም፣ ሐጂ። ከነገሩ ይጀምራሉ።»

«ምን አልህ?»

«ገና ሳትቀመጡ፣ በመጀመሪያ ቃል፣ የመጣችሁበትን ተናገሩ። አዎን ካሉ አዎን፤ አይሆንም ካሉ አይሆንም። የሠለጠነ ሰው እንዲህ ነው የሚነጋገረው።»

«ልጄ፣ እኔ እንኳን ሚስት ልጠይቅ ሎሚ ስገዛ የሻጯን እናት ጤንነት ሳልጠይቅ ዋጋ አላነሣም!»

አቶ ወራሳ በጌዴኦኛ ተናገሩ፤ ከልጃቸው ጋር ሁልጊዜ በቋንቋቸው ነበር የሚነጋገሩት። «ዞረን የምንሄደው መንገድ ጠፍቶን ይመስልሃል?»

«አባ፣ ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው» አለ ሽብሩ። «ስንት ዓመት አጎንብሰው የግራዝማችን ደጅ ሲጠኑ ኖሩ! አንድ ቀን ቀጥ ብለው ቆመው የልብዎን ይናገሩ።»

«የማንን ልብ? የእኔን ነው የአንተን?»

ሽብሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ስለ ዝናምና ስለ ከብት የምታወሩ ከሆነ ይቅር። እኔው ራሴ ገብቼ እናገራለሁ» አለ። ይህን ሲል አጎቱ ደነገጡ። ወጣቱ በገዛ አፉ ግራዝማች ፊት ቆሞ ቢጠይቅ ነውሩ ለመላው ጎሳ ይተርፋል። «እሺ፤ እንዳልህ ይሁን» አሉ አቶ ወራሳ። የያዙትን የእንሰት ቅጠል ግን እስኪደቅ ድረስ በጣታቸው ሲያሹት ነበር። ልጃቸውን ሲያስተምሩ እንደዚህ ባለ ቀን በልጃቸው ይታዘዛሉ ብለው አላሰቡም ነበር።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከግራዝማች ኃይለኢየሱስ በረንዳ ደረሱ። ግራዝማች ብቻቸውን አልነበሩም፤ አንድ የአውራጃው ፍርድ ቤት ዳኛና ሁለት ባለርስቶች አብረዋቸው ተቀምጠው ነበር።

«ወራሳ፣ እንዴት ሰነበትህ? ሐጂ፣ ምን እግር ጣለዎ? ግቡ፤ ተቀመጡ እንጂ» አሉ ግራዝማች። አሽከሩ አግዳሚ ወንበር አቀረበ።

አቶ ወራሳ ወንበሩን አዩት። ሐጂ ኸድሩ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። አቶ ወራሳ ግን ለልጃቸው ቃል ሰጥተዋል።

«ሳንቀመጥ የምንናገረው አለን፣ ጌታዬ» አሉ፤ የተናገሩት በአማርኛ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ በልባቸው ሲያጠኑት ስላደሩ አንድም ቃል አልሳቱም። «ልጅዎን ወይዘሪት አመለወርቅን ለወንድሜ ልጅ ለሽብሩ እንዲሰጡን ልንጠይቅ መጥተናል።»

ነገሩ ሁሉ በዚህ አለቀ። ከባለርስቶቹ አንዱ አሳለ፤ ሳል ይሁን ሳቅ አልታወቀም። ዳኛው ዓይናቸውን ወደ ግቢው ዛፍ አነሡ። ግራዝማች ቢፈልጉ እንኳ ጨዋታውን የሚያዞሩበት ቦታ አልቀረላቸውም፤ ስለ ዝናም አልተነሣ፣ ስለ ከብት አልተነሣ፤ በእኩዮቻቸው ፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ራቁቱን ቆሟል። በዚያ ዘመን፣ በዚያ በረንዳ፣ አንድ ግራዝማች ለጭሰኛው እንዲህ ላለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነበር።

«አይሆንም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ወራሳ፣ ወደ ቡናህ ተመለስ።»

አቶ ወራሳ እጅ ነሥተው ወጡ። ከበሩ በስተኋላ የነበረችው አመለወርቅ የአባቷን ድምፅ ሰማች፤ ከዚያም የሽማግሌውን እርምጃ ሰማች፤ ሳይቸኩል፣ ሳይደናቀፍ፣ ወደ ታች ሲወርድ። አላለቀሰችም። አንድ ነገር በውስጧ ጸጥ አለ።

ሽብሩ በሐጂ ኸድሩ ሱቅ ተቀምጦ ይጠባበቅ ነበር። አጎቱ በሱቁ በር አልፈው ሄዱ፤ ቀና ብለው አላዩትም። ሐጂ ኸድሩ ብቻቸውን ገቡ።

«አይሆንም ተባልን» አሉ። «ደስ ይበልህ፤ በአንድ ቃል ነው የተነገረን።»

ሽብሩ ብድግ አለ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ሐጂ ኸድሩ ሚዛናቸውን እያስተካከሉ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ተዉት። በዚያች ሰዓት ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

*

ማግሰኞ ፖስታ ቤት ሄደ። አመለወርቅ ከመስኮቱ ወዲያ ነበረች።

«ቴምብር ነው የሚፈልጉት?» አለችው።

«አመለወርቅ…»

«እዚህ ቴምብር ነው የሚሸጠው።»

«ላነጋግርሽ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያስ ቶሎ ይናገሩ። ዙሪያ ጥምጥም አይወዱም።» በቢሮው ውስጥ ሌላ ሰው እንደሌለ አየችና አንቱታውን ተወችው። «አባቴ ቅዳሜ እራት ላይ ምን ብሎ እንደጠየቀኝ ታውቃለህ? ‹የዚያ ትምህርት ቤት ጣሪያ ያፈሳል ይባላል፤ መምህራኑ በክረምት ይታመሙ ይሆን?› አለኝ። አባቴ በዕድሜው የማንንም ጣሪያ ጠይቆ አያውቅም! እኔ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ከደስታ ብዛት። መልሱ መጥቶልን ነበር፣ ሽብሩ። ትንሽ እንዲዞር ጊዜ ብትሰጠው በእግሩ ይመጣ ነበር።»

ሽብሩ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ። «እኔ አላወቅሁም።»

«ነግሬህ ነበር። በክፍል ውስጥ፣ በሰው ፊት ነግሬህ ነበር፤ ትክክል አይደለም ብለህ አስቀመጥኸኝ። በመንገድ ላይ ነገርሁህ፤ ስለ ጭሰኝነት አወራህልኝ። አንተ የፈለግኸው እኔን አይደለም፤ አባቴን ማሸነፍ ነው።»

«ይህስ ሐሰት ነው! ከአንቺ በቀር በዚህች ከተማ የፈለግሁት ነገር የለም።»

«ከፈለግኸኝ አጎትህን ከፊት አቁመህ አንተ ከሐጂ ሱቅ ለምን ተቀመጥህ?» ድምፅዋ በዚህ ጊዜ ተሰበረ፤ ወዲያው ግን አቀናችው። «እኔ ከበሩ ኋላ ነበርሁ። እርምጃቸውን ሰምቻለሁ። አንተ አልሰማኸውም። እስክትሰማው ድረስ የምነግርህ ነገር የለኝም።»

አንዲት ሴት ደብዳቤ ይዛ ገባች። አመለወርቅ ፊቷን አስተካክላ «ይቅረቡ እትዬ» አለች። ሽብሩ ወደ ጎን ተገፋ። ወደ ትምህርት ቤቱ በሚያወጣው ዳገት ላይ ሳለ በጆሮው የሚያስተጋባው የአመለወርቅ ቃል አልነበረም፤ ያልሰማው የአጎቱ እርምጃ ነበር።

*

የሆሣዕና ዋዜማ ደረሰ። አቶ ወራሳ ከዚያች እሑድ ወዲህ ወደ ሶንጎ እንዳልሄዱ ሽብሩ ሰማ። ሽማግሌዎቹ በልማዳቸው ቦታቸውን ክፍት አድርገው ይጠብቋቸዋል፤ እሳቸው ግን «ቆሜ የተመለስሁ ሰው ምን ብዬ ተቀምጬ እፈርዳለሁ?» ብለው ቀርተዋል። ሽብሩ ይህን በሰማ ጊዜ በእግሩ ተነሥቶ ጪጩ ወረደ።

ከመንገዱ ዳር የሐጂ ኸድሩ የጭነት መኪና ቆሟል። ወደ አጎቱ ግቢ ሲጠጋ የሚያውቀውን ድምፅ ሰምቶ ከአጥሩ በር ላይ ቀረ።

አመለወርቅ በአቶ ወራሳ ፊት፣ መሬት ላይ፣ በተነጠፈ የእንሰት ቅጠል ላይ ተንበርክካ ነበር። ነጭ ነጠላዋ አቧራ ጠጥቷል። የግራዝማች ቤተሰብ ከዚህ ግቢ ድርሻውን ይቀበላል እንጂ እግሩ ወደዚህ መጥቶ አያውቅም።

«ቤታችን መጥተው ሳይቀመጡ ሄዱ፣ አባ» ትላለች። «እኔ ልቀመጥልዎ መጣሁ።»

አቶ ወራሳ ከመቀመጫቸው ተነሥተዋል። «ልጄ፣ ኧረ ተው፤ አንቺ የጌታ ልጅ መሬት አይቀመጥም» አሉ በተሰባበረ አማርኛቸው። «ወንበር አምጡ! አቶ ወራሳ ቤት ወንበር የለም ይበሉን?»

«ወንበሩ ከመጣ እቀበላለሁ። እርስዎ ግን መጀመሪያ ይቀመጡ።»

ሽማግሌው ተቀመጡ። የአቶ ወራሳ ባለቤት ቆጮና ጎመን አቀረቡ። አመለወርቅ በእጇ ቆርሳ ጎረሰች። ሐጂ ኸድሩ ይህን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩና «የዚህ አገር አቧራ ዓይን ይጎዳል» አሉ፤ በእጃቸው መዳፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

በዚህ ጊዜ አቶ ወራሳ በሩ ላይ የቆመውን አዩት። «ግባ» አሉት በጌዴኦኛ። «እዚህ ቤት ቆሞ የሚቀር የለም።»

ሽብሩ ገባ፤ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። አመለወርቅ አላየችውም፤ ነገር ግን ነጠላዋን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችለት።

«ጥሩ ሰዓት መጣህ» አሉ ሐጂ ኸድሩ። «ለአጎትህ ልነግር የነበረውን አንተም ስማ። ትናንት ግራዝማች ሱቄ ድረስ መጡ። አሽከር አላስከተሉ። ስለ ጨው ጠየቁኝ፤ ስለ ጨው ነገርኋቸው። ስለ ሞያሌ መንገድ ጠየቁኝ። ሊሄዱ ካሉ በኋላ ከበሩ ተመልሰው፣ ‹ሐጂ፣ የመኪናህ ጋቢና ንጹሕ ነው ወይ? ሴት ልጅ ብትቀመጥበት ልብሷን ያበላሻል?› አሉኝ። ‹ወዴት የምትሄድ ሴት ናት?› ብላቸው፣ ‹የጪጩ መንገድ አቧራ ነው ይባላል› አሉና ሄዱ።»

ከጥቂት ሳምንት በፊት ቢሆን ኖሮ ሽብሩ «ታዲያ ይህ ስለ መኪና አይደለም እንዴ?» ብሎ በጠየቀ ነበር። አሁን ግን አንድ ሽማግሌ፣ በሥልጣናቸውና በእኩዮቻቸው ፊት በተናገሩት ቃል ታስረው፣ ከራሳቸው ደጅ ወጥተው፣ በጨው በኩል፣ በሞያሌ በኩል፣ በአቧራ በኩል ዞረው ወደዚህች ጎጆ የመጡ ሆነው ታዩት። ዓይኑ እንባ ሞላ። አመለወርቅ በዚህ ጊዜ ቀና ብላ አየችው፤ የገባው መሆኑን ከፊቱ አነበበች፤ ከዚያች ዓርብ ወዲህ የተዘጋው ነገር በፊቷ ላይ ቀስ እያለ ተከፈተ።

አቶ ወራሳ ግን አላዘኑለትም። ለማዘን ጊዜው አልደረሰም ነበር።

«የይርጋለም ሰዎች በዳግማይ ትንሣኤ ይመጣሉ አሉ» አሉ። «ከዚያ በፊት ግራዝማች ደጅ ሁለተኛ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። እኔ አልሄድም ብዬ ምያለሁ። መሐላዬን የማነሣ ከሆነ ግን፣ አንተ የተማርኸው፣ ንገረኝ እንጂ። ባለፈው ምን እንደምል ነግረኸኝ ነበር። አሁንስ ምን ልበል? ቆሜ ነው የምናገረው?»

ሐጂ ኸድሩ «ወራሳ፣ ልጁን ተወው» አሉ።

«አልተወውም። አስተማሪ አይደል? ያስተምረኝ።»

ሽብሩ ተነሥቶ ወደ አጎቱ ሄደና በእግራቸው ሥር ተንበረከከ። በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎም በአማርኛ የተሰለፉለት ቃላት ነበሩ፤ ሁሉንም ተዋቸውና በጌዴኦኛ ተናገረ።

«ምንም የማስተምርዎ የለኝም፣ አባ። ለክብርዎ ብዬ ነው ያልሁት ለራሴ ኩራት ነበር። እርስዎን በሰው ፊት አቁሜ እኔ ከጥላ ሥር ተቀመጥሁ፤ ድፍረቱን እኔ ወሰድሁ፣ ውርደቱን ለእርስዎ ተውሁ። ግራዝማች እሺ የሚሉበትን መንገድ የዘጋሁት ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፤ እኔ ነኝ። እሷ ነግራኝ ነበር፤ እናንተም ነገራችሁኝ። ተሳስቻለሁ።»

አቶ ወራሳ እጃቸውን በራሱ ላይ ጫኑና «እንግዲያስ መሐላዬን አነሣሁ፤ በዚህ ጊዜ ተቀምጠን ከዝናሙ እንጀምራለን» አሉ።